በቴሌቪዥን የመጣ መርዶ

መርዶው የደረሰኝ በ2017 ዓ.ም. ፋሲካ በዋለ በሦስተኛው ቀን፣ ማክሰኞ ሲነጋ ነው። በር ሲንኳኳ በግ ጠፍቶት የሚፈልግ ሰው መስሎኝ ነበር። ስከፍት የንስሐ አባቴ ቄስ አምባቸው ከፊት፣ ጎረቤቶቼ ከኋላ ቆመዋል። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። በዚያ ሰዓት ነጠላ አዘቅዝቆ የመጣ ሰው ምን ሊል እንደመጣ ማንም ያውቃል። ቄስ አምባቸው ገና አፋቸውን ሳይከፍቱ «ሚሊዮን ነው?» አልኳቸው።

«ነው» አሉኝ።

ሚሊዮን ዓባይነህ አንድ ልጄ ነው። አባቱ ሕፃን ሳለ ነው የሞተበት። በ2016 ዓ.ም. ከመስቀል በኋላ ከመካነ ሰላም ተነሥቶ፣ በጅቡቲ በኩል ባሕር ተሻግሮ ሳዑዲ ሊገባ ወጣ። ሃያ ሁለት ዓመቱ ነበር። ከባሕሩ ዳር አንድ ጊዜ ደወለ፤ ከዚያ ወዲያ ድምፁን አልሰማሁም።

ኋላ እንዳወቅሁት መርዶውን ከእኔ በፊት አገር ሁሉ ሰምቶታል። የፋሲካ ዕለት ማታ «ማን መጣ» በሚባለው የቴሌቪዥን ፕሮግራም ላይ ተነግሯል። እኔ ያን ፕሮግራም አላይም። የሰፈሬ ሰው ግን አይቶ፣ በዓሉን በእንባ እንዳላሳልፍ ብሎ እስከ ማክሰኞ ደበቀኝ። ሰኞ ዕለት ጎረቤቴ በዛች ሥጋ በሳህን ይዛ መጥታ ሳትቀመጥ ስትሄድ የተቀየመችኝ መስሎኝ፣ ምን አድርጌያት ይሆን እያልኩ ዋልኩ።

ከዚህ በታች ያለው እኔና ኩዌት በሰው ቤት የምትሠራው የእህቴ ልጅ እድላዊት የተጻጻፍነው ነው። ስልክ ስንደዋወል እንላቀሳለን እንጂ ነገር አንጨርስም። ስለዚህ እኔ በወረቀት እጽፋለሁ፤ ጎረቤቴ ሰብሌ በስልኳ ፎቶ አንሥታ ትልክልኛለች፤ የእድላዊትም በሰብሌ ስልክ ይመጣል። ኔትወርክ ሲጠፋ ሳምንትም ወርም ይቆያል። መጻፍ የተማርኩት በመሠረተ ትምህርት ስለሆነ እጄ ቀርፋፋ ነው። ለምን ለሰው እንዲነበብ እንደፈቀድኩ መጨረሻው ላይ ጽፌዋለሁ።


ኅዳር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.
ኩዌት

ለተከበሩ አክስቴ እትዬ የትምወርቅ፣

እንደምን ሰነበቱ? ጤናዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎ ተሻለዎት? እኔ በእናቴ አምላክ ቸርነት ደህና ነኝ፤ ከናፍቆትዎ በቀር የጎደለብኝ የለም። ለሰብሌም ለበዛችም ሰላም በሉልኝ።

እትዬ፣ የምጽፍልዎ ስለ ሚሊዮን ነው። እዚህ ያሉትን የወሎ ልጆች ጠየቅሁ፣ ሳዑዲ ያሉትንም አስጠየቅሁ፤ አየሁት ያለ የለም። አሁን አንድ ነገር አሰብኩ። «ማን መጣ» የሚባለውን ፕሮግራም ያውቁት የለ? የጠፋ ዘመድ ፈልገው ከመጋረጃ ጀርባ ያቆማሉ፤ መጋረጃው ሲገለጥ ይተቃቀፋሉ። እሁድ እሁድ የማዳም ልጆች ሲተኙልኝ ወጥ ቤት ቁጭ ብዬ በስልኬ አየዋለሁ። ከሳምንቱ የራሴ የምላት ያቺ ሰዓት ብቻ ናት። እዚህ ያለን ልጆች ሁላችን እናየዋለን፤ በማግሥቱም የምናወራው እሱን ነው።

ጻፍኩላቸው፤ መለሱልኝም። ፎቶውን ይፈልጋሉ። የክርስትና ስሙንና ከልጅነቱ ሰው የሚነካ ታሪክ ካለም ላኪልን ብለዋል። እርስዎ እሺ ካሉኝ እኔ ከዚህ ሆኜ በስልክ እቀርባለሁ።

እንቢ እንዳይሉኝ። በቸር ያገናኘን።

የእህትዎ ልጅ
እድላዊት


ታኅሣሥ 3 ቀን 2017 ዓ.ም.
መካነ ሰላም

ለእህቴ ልጅ ለእድላዊት፣

ለጤናሽ እንደምን አለሽ? እኔ ጉልበቴ ሲበርድ ያመኛል እንጂ ባለወልድ የተመሰገነ ይሁን ደህና ነኝ። ጤፉ ታጭዷል፤ ገና አልተወቃም። የላክሽው ደብዳቤ ከደረሰኝ ቆየ፤ መልሱን ስጽፍ ስተወው ነው ያዘገየሁብሽ።

ያን ፕሮግራም አልወደውም። እንዲያውም አልችለውም ብል ይሻላል። ሰብሌ ቤት ሁለት ጊዜ አይቼዋለሁ። በሁለተኛው ቀን አንዲት እናት መጋረጃው ሲገለጥ ራሷን ስታ ወደቀች። እኛ ዘንድ ሰው ሲወድቅ ይደገፋል፤ ውሃ ይረጫል፤ ቀሚሱ ከጉልበቱ በላይ ከተገለጠ ይሸፈናል። እነሱ ግን አወዳደቋን ደገሙት። ቀጥለው ደግሞ ቀስ አድርገው፣ ዘፈን አስገብተው አሳዩት። ከዚያ የዘይት ማስታወቂያ መጣ። ተነሥቼ ወጣሁ።

በዛች ከኋላዬ «የትምወርቅ ለማልቀስም የንስሐ አባቷን ታስፈቅዳለች» አለች፤ ሴቶቹ ሳቁ።

«ሰው ሲያለቅስ አጠገቡ ይቀመጡለታል እንጂ ቁጭ ብለው አያዩትም» አልኳት።

«ታዲያ እኛስ ተቀምጠን አይደል?» አለችኝ። እሷ መልስ አታጣም።

ሰብሌ እንኳ የዋህ ናት፤ ከልቧ ታለቅስላቸዋለች። እሷን አልወቅስም።

እድላዊት፣ ይህን ሁሉ ብዬም ፎቶውን ልኬልሻለሁ። ለመታወቂያ የተነሣው ነው። ልጄን ካገኙልኝ በፈለጉት መጋረጃ ያቁሙት። ግራ እጁ ላይ የማጭድ ጠባሳ እንዳለበት ንገሪያቸው፤ ለመለየት ይረዳቸዋል። የልጅነት ታሪክ ግን የለኝም በይልኝ። የክርስትና ስሙንም አልሰጥም። እሱ ለጸሎት የሚጠራ ነው፤ ለዚያ ጨዋታ አይሆንም።

አምላክ ከክፉ ይጠብቅሽ።

አክስትሽ
የትምወርቅ


የካቲት 1 ቀን 2017 ዓ.ም.
ኩዌት

ለእትዬ የትምወርቅ፣

እንደምን ሰነበቱ? እኔ ደህና ነኝ። ሥራ በዝቶብኝ ነው የዘገየሁ።

ፕሮግራሙ በጥር ተቀርጿል። የሚያወጡት ለፋሲካ ነው አሉ። እርስዎ ባያዩት ይሻላል፤ ድሮም አይወዱትም።

ብቻዎን ነው የሚያድሩት? ሰብሌ አብራዎት ብታድር ጥሩ ነበር። ጤፉ ገባ? የቄስ አምባቸውን ስልክ ላኩልኝ ብያት ሰብሌ ልካልኛለች፤ አንድ የምጠይቃቸው ነገር ስላለኝ ነው፣ እንዳያስቡ። ጾሙ ሲገባ እባክዎ ራስዎን አይጉዱ፤ ደካማ ነዎት።

እድላዊት


መጋቢት 3 ቀን 2017 ዓ.ም.
መካነ ሰላም

ለእድላዊት፣

ሰላምታዬ ባለሽበት ይድረስሽ።

ደብዳቤሽ አጭር ነው። ሚሊዮን ተገኘ ወይስ አልተገኘም? ተቀርጿል ካልሽ የተባለ ነገር አለ ማለት ነው። ሰብሌን ብጠይቃት «አሳይተው እስኪጨርሱ አይናገሩም፤ ደንባቸው ነው» አለችኝ። ተገኝቶ ከመጋረጃ ጀርባ ሊያስደንቁኝ ከሆነ ተይ፣ እኔ መደነቅ አልፈልግም። ቀስ ብለሽ ንገሪኝ።

የማኅበራችን ተራ ዘንድሮ ለየካቲት ባለወልድ ለእኔ ደርሶኝ ነበር። ሃያ ዘጠኝ ዕለት ሰው ሁሉ መጣልኝ። ጾም ስለሆነ ዳቦና ጠላ፣ የሽምብራ ንፍሮና የሱፍ ፍትፍት አቀረብኩ። በሚሊዮን ስም ጧፍም ለቤተ ክርስቲያኑ አስገባሁ። «ባለወልድ በደህና ይመልስልሽ» ያላለኝ የለም። በዛች እንኳ ሳትቀልድ ዋለች።

ቄስ አምባቸው ግን ሲመርቁ የሚሊዮን ስም ላይ ሲደርሱ ድምፃቸው ጠፋ። የክርስትና ስሙን ብቻ ቀስ ብለው ጠሩና አለፉ። ጉንፋን ይዟቸዋል መሰለኝ። አርጅተዋልም።

መልሱን አታዘግዪብኝ።

አክስትሽ የትምወርቅ

(ለዚህ ደብዳቤ መልስ ሳይመጣ ፋሲካ ዋለ። የሆነውን ከላይ ጽፌዋለሁ።)


ሚያዝያ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.
ኩዌት

ለእትዬ የትምወርቅ፣

እግዚአብሔር ያጽናዎት። እግዚአብሔር ያጽናዎት እትዬ። ሌላ ቃል የለኝም። ለቅሶ ልቀመጥ ማዳምን ጠይቄ አንድ ቀን ሰጠችኝ፤ የአገራችን ልጆች መጥተው አብረውኝ ዋሉ።

የሆነውን ልንገርዎ። በጥር በስልክ ሲያቀርቡኝ ሚሊዮን የሚወጣ መስሎኝ ፀጉሬን ተሠርቼ ነበር። መጋረጃው ሲገለጥ የማላውቀው ልጅ ወጣ። አህመዲን ይባላል፤ የእኛው አገር ልጅ ነው፤ ከሳዑዲ ተጠርዞ የተመለሰ። መንገድ ላይ ነው ከሚሊዮን ጋር የተዋወቁት። «አልፏል» አለኝ። ከዚያ ማልቀስ ሆነ፤ ስልኩ ተዘጋ።

ወዲያው ደውለው ለማንም እንዳልናገር አስጠነቀቁኝ። እኔ ግን ለቄስ አምባቸው ነገርኳቸው። ለብቻዎ በስልክ መርዶ እንዴት ልንገርዎ? እሳቸውም «ጾሙ ይውጣ፤ ሰው ሰብስቤ እኔው እነግራታለሁ» አሉኝ። በፋሲካ ዕለት ያወጡታል ብለን አላሰብንም፤ በፋሲካ ሰሞን ነው ያሉኝ።

አሁን ሁለተኛ ክፍል እንሠራለን ብለዋል። እርስዎን አዲስ አበባ ወስደው ከአህመዲን ጋር ሊያገናኙዎት ነው። መቼ እንደሞተ፣ የት እንደተቀበረ፣ ሁሉንም እዚያ ይነግርዎታል። ስልኩን ስጡኝ ብላቸው እንቢ አሉኝ።

ምን ልበላቸው?

እድላዊት


ግንቦት 16 ቀን 2017 ዓ.ም.
መካነ ሰላም

ለእድላዊት፣

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ስላለቀስሽለት እግዚአብሔር ይስጥልኝ። በአንቺ ላይ ቂም የለኝም።

ለቅሶ ቤቴ ሞልቶ ነበር። ሰብሌ ቴሌቪዥኗን በጥቁር ጨርቅ ሸፍና አርባው እስኪወጣ አልከፍትም ብላለች። ይከብዳታል፤ አውቃለሁ።

ቄስ አምባቸውን ጠየቅኋቸው። «አባ፣ ከየካቲት ጀምሮ ያውቁ ነበር?» አልኳቸው።

«አውቅ ነበር። ጾም ነው፣ አንድ ልጅሽ ነው፣ ትሰበሪብኛለሽ ብዬ ነው።»

«አንቱ ለእኔ ብለው ነው። እነዚያስ ለማን ብለው ነው ያቆዩት?»

ለእሳቸው የሚባል ቃል ነበረኝ፤ ሽማግሌ ስለሆኑ ዋጥኩት። ለአንቺ ግን ልንገርሽ። ሁላችሁም አዘናችሁልኝና ያን ሁሉ ጊዜ እኔ የሞተ ልጄን በጸሎት ከመንገደኛ ጋር ሳስጠራው፣ በደህና አግባው ብዬ ስለት ስሳል ከረምኩ።

አርባውን መርዶው ከተነገረበት ቀን እንቁጠር ተብሎ እሺ ብያለሁ። ሙት ዓመቱንስ? እድላዊት፣ ከእንግዲህ የምፈልገው አንድ ነገር ነው። የሞተበትን ቀን። ቀኑን ካወቅሁ በየዓመቱ የማደርግለት አለኝ። ሳላውቅ ግን ዓመቱን ሙሉ በየቀኑ ዛሬ ይሆን እያልኩ ነው የምኖረው።

ባለፈው ሳምንት ከፕሮግራሙ አንዲት ልጅ በሰብሌ ስልክ ደወለችልኝ። ድምፅዋ ለስላሳ ነው።

«እናታችን፣ የሚመጡት ለአንድ ቀን ብቻ ነው። ማደሪያውም ምግቡም በእኛ ነው።»

«ልጄ፣ ከቤቴ አልወጣም። ቀኑን ብቻ ንገሪኝ።»

«እሱን መድረክ ላይ ከአህመዲን ይሰማሉ።»

«አንቺ ታውቂዋለሽ?»

«ቀረጻው ላይ አለ፤ ሰምቼዋለሁ።»

«ታዲያ ንገሪኛ።»

«እናታችን፣ አሁን ከነገርኩዎት ያኔ ስሜቱ ይጠፋል» አለችኝ።

ክፉ ልጅ አይደለችም። እናት አላት ይሆናል። ስልኩን ለሰብሌ መለስኩላት። ሰብሌ አፏን በነጠላዋ ይዛ ቆማለች።

አልሄድም። ልጄን ለማወቅ ስል ሰው ፊት አልወድቅላቸውም። ያንን አህመዲን የሚባለውን ልጅ ግን በሌላ መንገድ ፈልጊልኝ።

አክስትሽ የትምወርቅ


ሰኔ 22 ቀን 2017 ዓ.ም.
ኩዌት

ለእትዬ የትምወርቅ፣

ጤናዎ እንዴት ነው? አርባው እንዴት አለፈ? እኔ እዚህ በስሙ ጧፍ አበራሁለት፤ ሌላ ማድረግ አልቻልኩም።

አህመዲንን አስፈለግኩ። የከላላ ልጅ ነው ይላሉ፤ ስልክ የለውም። አዲስ አበባ ተመላሾች የሚያርፉበት ቤት ነበረ፤ ከዚያ ወጥቷል። የፕሮግራሙ ሰዎችም ጠፍቶባቸዋል። ሁለተኛውን ክፍል አልቀርብም ብሎ ነው የሄደው አሉ። መንገዱ ተዘግቷል ስለሚባል ወደ አገሩ ይግባ አይግባ አላወቅሁም።

እነሱ ደግሞ እየደወሉ «አክስትሽን አሳምኚልን፤ ሕዝብ ይጠብቃታል» ይሉኛል። ከፕሮግራሙ ሥር ሰው የጻፈውን አነበብኩ። «እናትየዋ መቼ ነው የምትቀርበው» ይላል አንዱ። ሌላው «ልጅቷ ስታለቅስ አላሳመነችኝም» ብሏል። ልጅቷ እኔ ነኝ፣ እትዬ።

አሁን አላየውም። እሁድ ማታ ወጥ ቤት ተቀምጬ ስልኬን አጥፍቼ እሱኑ አያለሁ። ሰዓቷ ትረዝምብኛለች። ስለደበቅሁዎት ይቅር በሉኝ።

አውፍ በሉኝ።

እድላዊት


ነሐሴ 4 ቀን 2017 ዓ.ም.
መካነ ሰላም

ለእህቴ ልጅ ለእድላዊት፣

አይዞሽ፣ አብሽሪ። አንቺን አውፍ ካልኩሽ ቆይቻለሁ።

አህመዲን መጣ። ዝናቡ ላይ፣ ከከላላ በእግሩ። ከተማ ሲገባ የሚሊዮንን እናት ቤት ቢጠይቅ ቄስ አምባቸው ዘንድ ወሰዱት። እሳቸው ቤት አድሮ ሲነጋ ይዘውት መጡ። ቀጭን ልጅ ነው። ገና ጢሙ አልሞላም። በሩ ላይ ቆሞ አልገባም አለ።

«እማማ፣ አህመዲን ነኝ። ያን ዕለት በቴሌቪዥን ያልኩት መርዶ አይባልብኝ። መርዶዎን ላደርስ ዛሬ ነው የመጣሁ። መጀመሪያ ጎረቤት ይጠራ።»

ሰብሌም በዛችም መጡ። ሰው ሲሞላ ገብቶ ተቀመጠና ከመጀመሪያው ጀምሮ ነገረን። ባሕሩን በደህና ተሻግረዋል። የመን ገብተው ብዙ ከተጓዙ በኋላ በጠጡት ውሃ ታመሙ፤ ሚሊዮን ባሰው። አሻጋሪዎቹ ትተውት ሲሄዱ አህመዲንና ሌላ አንድ ልጅ አብረውት ቀሩ።

«ብቻውን አልነበረም?» አልኩት።

«ወላሂ እማማ፣ እጁ በእጄ ነበር።»

«ጠባሳ ያለበት እጁ?»

«እሱ።»

ከዚያ ቀኑን ጠየቅሁት። ድምፄ ራሴን አስፈራኝ።

«የእናንተም ጾም የእኛም ረመዳን በአንድ ሰኞ የገባበት ዓመት ነው። ከዚያች ሰኞ በፊት ያለችው ጁምዓ ናት። የማልረሳው በሱ ምክንያት ነው። ‹ከሰኞ ጀምሮ ሁለታችንም እንጾማለን፤ እዚህ አገር እንደሆነ ጾም አይከብድም› ብሎ እየቀለደብኝ ነበር። ጁምዓ ዕለት ከሰዓት አለፈ።»

ቄስ አምባቸው በጣቶቻቸው ይቆጥሩ ጀመር። ሰው ሁሉ ጣታቸውን ያያል። «የካቲት ሃያ ዘጠኝ፤ ባለወልድ» አሉ።

አህመዲን ቀጠለ። «ድንጋይ ሰብስበን ቀበርነው። የእናንተን ጸሎት አላውቅም። የማውቀውን ፋቲሐ ቀራሁለት። ካጠፋሁ አውፍ በሉኝ።»

ቄስ አምባቸው «ጸልየህለታል» አሉት።

«ይህን ሁሉ ለእነሱም ነግሬያቸው ነበር» አለ፤ «ቀኑንም ጭምር። ሲወጣ ባየው ማልቀሴን ብቻ ነው ያስቀሩት።»

በዛች ተነሥታ ጫማውን አወለቀችለትና እግሩን ታጥበው ጀመር። እሷን ሳትቀልድ ሳያት ይህ ሁለተኛዬ ነው፤ የመጀመሪያው በማኅበሩ ዕለት ነበር።

ይኼኔ ነው ነገሩ የገባኝ። ማኅበሩ የዋለው የካቲት ሃያ ዘጠኝ ነው። ልጄ በሞተ ልክ በዓመቱ፣ በዕለቱ፣ ሰው ሰብስቤ፣ ዳቦ ቆርሼ፣ በስሙ ጧፍ አስገብቻለሁ። በደህና እንዲመለስ ብዬ ያደረግኩት ሙት ዓመቱ ነበር።

ወደ ቄስ አምባቸው ዞርኩ። አንገታቸውን ደፍተዋል።

«አባ፣ ያን ዕለት ስሙን ሲጠሩ ከሕያዋን ጋር ነው የጠሩት?»

«አይደለም፣ የትምወርቅ» አሉኝ። «አልቻልኩም። ካረፉት ጋር ነው የጠራሁት።»

ለእሳቸው የያዝኩት ቃል ከዚያ በኋላ ጠፋብኝ።

አህመዲን ሦስት ቀን ቆይቶ ሄደ። ልጅሽ ልሁን አላለኝም፤ እኔም ልጄ ሁን አላልኩትም። ዝናቡ ሲያባራ እንደገና ይመጣል።

ለፕሮግራሙ ሰዎች ሚሊዮንን ቀብረናል፣ አትደውሉ በያቸው። አንቺ ደግሞ ያቺን የእሁድ ሰዓት ተኚባት።

አክስትሽ
የትምወርቅ


ለሚያነብ ሁሉ፣

ሰብሌ ጨርቁን ከቴሌቪዥኗ ላይ አንሥታዋለች። እሁድ ማታ ድምፁ በግድግዳው በኩል ይሰማኛል፤ ሰው ሲያለቅስ፣ ዘፈን ሲገባ። አልተቀየምኳትም። እኔም ፈጥኜ እተኛለሁ።

ያን የፋሲካ ፕሮግራም ያያችሁ ልጄን ታውቁታላችሁ። ፎቶውን አይታችኋል፤ ሚሊዮን መባሉን ሰምታችኋል። ያለቀሳችሁለትም አላችሁ፤ ለእንባችሁ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ነገር ግን ለጸሎት የሚሆን ስም አልተሰጣችሁም፣ ቀኑም አልተነገራችሁም። ይህን ሁሉ ለሰው የሰጠሁት ለዚህ ነው።

ለእነሱ የከለከልኩትን ለእናንተ እሰጣለሁ። የክርስትና ስሙ ገብረ ኢየሱስ ነው። ያረፈው የካቲት ሃያ ዘጠኝ ነው፤ ከቤቱ ርቆ፣ እጁ በጓደኛው እጅ። ለጸሎት ስትቆሙ ከሞቱባችሁ ጋር አንድ ጊዜ ጥሩልኝ፤ የገብረ ኢየሱስን ነፍስ አሳርፍ በሉልኝ። የእኛን ጸሎት የማታውቁም እንደ አህመዲን የምታውቁትን ቅሩለት።